የራስህ ከርነል፣ የራስህ ኃላፊነት

(ክብረ መንግሥት፣ የኮምፒውተር ጥገና ቤት)

ወጣት፦ ጋሼ፣ ከሻኪሶም ከነጌሌም የሚመጡልን ኮምፒውተሮች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ለእያንዳንዱ የሊኑክስ ከርነል፣ የሥርዓቱን እምብርት ማለቴ ነው፣ ለብቻው ልገንባ?

ጋሼ፦ ለምን ብለህ?

ወጣት፦ እንዲፈጥኑ።

ጋሼ፦ ራሙ አንሶ ወይም ሃርድ ዲስኩ ደክሞ ከሆነ ከርነል አያድነውም። የምንጭነው ኡቡንቱ ሊኑክስ ሺህ ድራይቨር ይዞ ይመጣል፤ አብዛኛው ግን ሞጁል ነው፣ ካልተፈለገ ራም ውስጥ አይገባም።

ወጣት፦ ታዲያ መቼ ይጠቅማል?

ጋሼ፦ ማሽኑ ከተለመደው ሲለይ። በ2008 እ.ኤ.አ. ለሀገራችን ተማሪዎች የመጡት ኤክስኦ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ራም ነበራቸው፤ በሃርድ ዲስክ ፈንታ 1 ጊጋባይት ፍላሽ። ኃይል እንዲቆጥቡም ከርነላቸው ለእነሱ ተስተካክሎ ተሠራ። ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ሲጀምር የጻፈው በእጁ ለነበረው 386 ኮምፒውተር ነው።

ወጣት፦ እንዲህ ያለ ማሽን ቢገጥመኝ ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ዕቃውን ከማወቅ። በኤልኤስፒሲአይ ትዕዛዝ ውስጡ ያለውን እይ። ቀጥሎ ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ የሞባይል ሞደሙን ሁሉ ሰካ፤ ከዚያ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» በል። በሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች ብቻ ያስቀርልሃል። ዛሬ ያልሰካኸው ነገ አይሠራም።

ወጣት፦ ከርነሉን ስገነባ በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ጋሼ፦ የግንባታ ፕሮግራሙ ሜክ ያለቀውን ያውቃል፤ መብራት ሲመጣ የቀረውን ይቀጥላል። በተቆረጠበት ላይ ያለው ፋይል ተበላሽቶ ካገኘኸው ሰርዘህ ድገመው። ለደካማ ማሽን ደግሞ በጠንካራው ገንብተህ ውሰድለት።

ወጣት፦ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ከርነል አልነሣም ቢልስ?

ጋሼ፦ ለዚህ ነው አሮጌው ከርነል የማይጠፋው። ከማስነሻው ከግራብ ዝርዝር መርጠህ በእሱ ትገባና ታርማለህ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዲስኩና የፋይል ሲስተሙ ድራይቨር ነው፤ ወይ ከከርነሉ ጋር በአንድነት ይሠራ፣ ወይ ኢኒትራምኤፍኤስ በሚባለው የመነሻ ፋይል ውስጥ ይግባ። ሁለቱም ከሌሉ ከርነሉ ዲስኩን አያገኘውም።

ወጣት፦ ከተነሣ ጨረስኩ ማለት ነው?

ጋሼ፦ የለም፣ ሥራው ገና ነው። የደህንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ኡቡንቱ የራሱን ከርነል እንጂ ያንተን አያድስም። ኮንፊግ ፋይሉን አስቀምጥ፤ አዲሱን ምንጭ አውርደህ፣ ፋይሉን እዚያ ገልብጠህ «ሜክ ኦልድኮንፊግ» ስትለው ስለ አዲሶቹ ምርጫዎች ብቻ ይጠይቅሃል።

ወጣት፦ ደንበኛው ማሽኑን ይዞ ነጌሌ ከሄደስ?

ጋሼ፦ እሱን ነው ቀድመህ ማሰብ ያለብህ። ተከታትለህ የማታድስለትን ከርነል አትጫንበት፤ ኡቡንቱ የሚሰጠው ይሻለዋል።