የስፖርት ክፍለ ጊዜ እውነተኛ ዋጋና ወጪን የመቀነሻው መንገድ



ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለራሱ የሚገዛውን አገልግሎት ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረምር ይከፍላል። ጨርቅ ሲገዛ በሜትር፣ ቡና ሲገዛ በፈረሱላ የሚያሰላ ሰው፣ ለጤናው ብሎ ስፖርት ቤት በገባ ጊዜ «በወር ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን ይቈጥራል። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ይህ ጥያቄ ጐደሎ መሆኑን ማስረዳትና ሙሉው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው በኒው ዮርክ ከተማ የተስፋፋውን የአነስተኛ ስፖርት ቤቶች ንግድ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዋጋው ከፍ ያለ፣ የአከፋፈሉም ዓይነት ብዙ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ጐልቶ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የንግዱ ዓይነት

በእኛ አገር ቡቲክ ሲባል የተመረጠ ልብስ የሚሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ማለት ነው። አሜሪካኖችም ይህንኑ ቃል ከልብስ ሱቅ ወስደው ለስፖርት ቤት ሰጥተውታል። ትልቁ የስፖርት አዳራሽ ብዙ መሣሪያ ደርድሮ አባሉን በፈለገው ሰዓት ያስገባል፤ ቡቲኩ ግን የሚሸጠው አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው። አንዱ በቆመ ብስክሌት ማስጋለብን፣ አንዱ ፒላተስን፣ አንዱ ዮጋን፣ ሌላውም ቦክስን ይሸጣል። ደንበኛው አስቀድሞ ቦታ ይይዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አስተማሪው በሙዚቃ እየመራ 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ያህል ያሠራዋል።

ይህ ንግድ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ፒላተስ የተባለው ጀርመናዊ በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በስሙ የሚጠራውን የአካል እንቅስቃሴ የሚያስተምርበት ቤት ከፍቶ ነበር። ዛሬ የምናየው መልኩ ግን የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ባሪስ የተባለው ቤት በ1998 በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ ሶልሳይክል በ2006 በኒው ዮርክ፣ ኦሬንጅቲዮሪ በ2010 በፍሎሪዳ ተመሠረቱ።

በኒው ዮርክ እንደነዚህ ባሉ ቤቶች የአንድ ክፍለ ጊዜ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዶላር ይደርሳል። በአንዳንዱ ቤት የጫማ ኪራይና የመጠጥ ውሃ ለብቻው ይታሰባል። ቦታ ይዞ የቀረ፣ ወይም ከተወሰነው ሰዓት በኋላ የሰረዘ ደንበኛ ደግሞ ሳይሠራ የከፈለው ገንዘብ ይቀርበታል፤ የሰዓቱም ወሰን በብዙ ስፍራ 12 ሰዓት አስቀድሞ ነው።

2ኛ/ ዋጋው ስለ ምን ከፍ አለ?

ሻጩን ያለ ምርመራ ስግብግብ ማለት አይገባም። የቤት ኪራዩ፣ የአስተማሪው ደመወዝ፣ የመብራቱና የመሣሪያው ወጪ፣ ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም ያው ነው። ለምሳሌ 50 ብስክሌት ያለበትን ክፍል እንውሰድ። ዋጋው 36 ዶላር ቢሆንና ክፍሉ ቢሞላ፣ የአንዱ ክፍለ ጊዜ ገቢ 1,800 ዶላር ይሆናል። ሃያ ሰው ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ግን 720 ዶላር ነው፤ ወጪው ግን አልቀነሰም። የቀሩትም 30 ቦታዎች እንደ ጨርቅ ወደ መጋዘን ተመልሰው ነገ አይሸጡም። ከመናኸሪያ ባዶ ወንበር ይዞ የወጣ አውቶቡስ የዚያን ወንበር ሒሳብ በመንገድ እንደማያገኘው፣ የስፖርት ቤቱም ባዶ ብስክሌት ሰዓቱ ካለፈ የጠፋ ሸቀጥ ነው።

የንግዱም አደጋ ቀላል አይደለም። በብስክሌት ሥራ የሶልሳይክል ተወዳዳሪ የነበረው ፍላይዊል በ2020 በወረርሽኙ ዘመን ከስሯል፤ ሶልሳይክል ራሱም በ2022 ከቅርንጫፎቹ ሩብ ያህሉን ዘግቷል። ስለዚህ ሻጩ ሁለት ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ አንደኛው ገንዘቡን አስቀድሞ መቀበል፣ ሁለተኛው የማይፈለጉትን ሰዓቶች መሙላት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ልዩ ልዩ የዋጋ ዓይነት ሁሉ የሚወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ይህን የተረዳ ገዢ ደግሞ ቅናሹ ከየት እንደሚገኝ ያውቃል።

3ኛ/ ወርኃዊው ክፍያ የሚያሳስትበት መንገድ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ስፖርት ቤት ሦስት ዓይነት ዋጋ አቀረበ እንበል። ለአንድ ጊዜ ብቻ 36 ዶላር፤ ለ10 ጊዜ በአንድነት 320 ዶላር፣ ይኸውም ለአንዱ 32 ዶላር፤ ለወር ያለ ገደብ 240 ዶላር ነው።

ገዢው ወርኃዊውን አይቶ «በየሁለት ቀኑ ብመጣ በወር 15 ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ ጊዜ በ16 ዶላር ብቻ ደረሰልኝ» ብሎ ይደሰታል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ያለው ግን በአካፋዩ ላይ ነው። ያ 15 የምኞት ቍጥር እንጂ የእግር ቍጥር አይደለም። ሰውዬው በእውነት የሄደው 12 ጊዜ ከሆነ አንዱ በ20 ዶላር፣ ስምንት ጊዜ ከሆነ በ30 ዶላር ወድቆበታል። አምስት ጊዜ ብቻ የሄደ እንደ ሆነ ግን አንዱን ጊዜ በ48 ዶላር ገዝቶታል፤ ይኸውም በችርቻሮ ከሚከፍለው ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ቤት ወርኃዊው ክፍያ ከአሥር ጊዜው ጥቅል የሚሻለው በወር ቢያንስ 8 ጊዜ ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በሦስት የስፖርት ክበቦች የ7,752 አባላትን መዝገብ መርምረው ውጤቱን በ2006 አሳትመዋል። ክበቦቹ ቡቲኮች ሳይሆኑ የተለመዱ ስፖርት ቤቶች ነበሩ፤ የሰው ጠባይ ግን አንድ ነው። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሄዱት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ በ10 ጊዜ ጥቅል ለአንዱ 10 ዶላር ሊከፍሉ ሲችሉ፣ ለአንዱ ከ17 ዶላር በላይ ከፈሉ። በአባልነታቸው ዘመንም እያንዳንዳቸው በአማካይ ሊያተርፉት ይችሉ የነበረውን 600 ዶላር አጥተዋል።

ገዢው የተሳሳተው በዋጋው ሳይሆን በራሱ ላይ በነበረው ግምት ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል።

4ኛ/ «ያለ ገደብ» የሚለው ቃል

ሻጩም ቢሆን በዚሁ ስሌት ሊሳሳት ይችላል። ክላስፓስ የተባለው ድርጅት ራሱ ስፖርት ቤት ሳይኖረው የብዙ ስፖርት ቤቶችን ባዶ ቦታ ሰብስቦ የሚሸጥ ደላላ ነው። በኒው ዮርክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በወር 99 ዶላር ተቀብሎ ያለ ገደብ ያስገባ ነበር። በሦስት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ገንዘብ የወር ሙሉ ስፖርት ስለ ገዛ ሕዝቡ ጐረፈ። ነገር ግን ድርጅቱ ለየስፖርት ቤቱ የሚከፍለው በመጣው ሰው ቍጥር ስለ ነበረ፣ ደንበኛው በተጋ ቍጥር ኪሳራው እየበዛ ሄደ። ስለዚህ በኒው ዮርክ ዋጋው በ2015 ወደ 125፣ በ2016 ወደ 190 ዶላር ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለ ገደብ የሚለው ውል ጭራሹን ቀረ። ከ2018 ጀምሮ ደንበኛው በወር የተወሰነ ነጥብ እየገዛ፣ የሚፈለገውን ሰዓት በብዙ ነጥብ፣ የማይፈለገውን በጥቂት ነጥብ እንዲይዝ ተደረገ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ለገዢ፦ ሻጩን የሚያከስር ዋጋ ስለማይቆይ፣ በተገኘበት ጊዜ ይጠቀሙበታል እንጂ የዓመት ዕቅድ አይሠሩበትም። ለሻጭ፦ ያለ ገደብ ብሎ ከመሸጥ በፊት ከሁሉ የሚተጋው ደንበኛ ምን ያህል ወጪ እንደሚያመጣ መጥኖ መደቆስ ይገባል።

5ኛ/ ወጪን የመቀነሻ መንገዶች

ከላይ የተነገረውን የተረዳ ሰው የሚከተሉትን በቀላሉ ሊሠራባቸው ይችላል።

(ሀ) በመጀመሪያው ቀን ውል አትፈርሙ። ብዙ ቤቶች ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያውን ጊዜ በነፃ ወይም በቅናሽ ይሰጣሉ፤ በዚህ ዕድል ሁለት ሦስት ቤት ሞክሩ።

(ለ) አንድ ወር ሙሉ በችርቻሮ ከፍላችሁ የሄዳችሁበትን ቀን በማስታወሻ ጻፉ። ዋጋው ለጊዜው ይከብዳል፤ ነገር ግን እውነተኛውን አካፋይ የሚገልጸው ይህ ብቻ ነው። ጥቅል የምትገዙ ከዚያ በኋላ ይሁን።

(ሐ) ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን ጠይቁ። አሥር ጊዜ የገዛ ሰው ስድስቱን ብቻ ተጠቅሞ ቀኑ ካለፈበት፣ የ32 ዶላሩ ዕቃ 53 ዶላር ሆኖበታል።

(መ) ሥራችሁ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ረፋዱን ወይም ቀትሩን ምረጡ። ባዶ ብስክሌት የሚበዛው በዚያ ሰዓት ነውና ቅናሹም የሚገኘው በዚያ ነው።

(ሠ) ወጪውን የሚጋራ ሌላ ወገን እንዳለ መርምሩ። በአሜሪካ አንዳንድ አሠሪዎችና የጤና መድን ድርጅቶች ደረሰኝ ሲቀርብላቸው ከስፖርት ወጪው ከፊሉን ይመልሳሉ።

(ረ) የመውጫውን በር ከመግቢያው በፊት እዩ። በኒው ዮርክ ግዛት ሕግ የጤና ክበብ ውል የፈረመ ሰው የውሉን ቅጂ በተቀበለ በ3 ቀን ውስጥ ሊያፈርሰው መብት አለው። ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ ከባንክ ሒሳብ በራሱ የሚቈረጥ ገንዘብ ሰው ስለሚረሳው፣ መሰረዣው እንዴት እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማግኘት ያሻል።

(ሰ) ጐረቤቱን ሸቀጥ አትናቁ። ፕላኔት ፊትነስ የተባለው ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ለብዙ ዓመት በወር 10 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በ2024 ለአዲስ ገቢዎች 15 ዶላር አደረገው። የኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት መናፈሻዎች መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድራቸው የስፖርት ማእከሎችም ለአዋቂ ሰው የተወሰነው ዋጋ ለዓመት 150 ዶላር ነበር፤ ይህም በቡቲክ አራት ክፍለ ጊዜ የሚያህል ገንዘብ ነው። በእርግጥ እንደ ቡቲኩ ያለ አስተማሪና ወዳጅነት አይገኝም። ሰው በእነዚያ ምክንያት የሚተጋ ከሆነ ገንዘቡን ለእነርሱ መክፈሉ ነውር የለበትም፤ የሚያሳፍረው ከፍሎ መቅረት ነው።

6ኛ/ ነገሩ በእኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በአዲስ አበባም ስፖርት ቤቱ በዝቷል፤ ከአባሎቻችንም ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ፣ ወይም ራሳቸው እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት የሚያስቡ አይጠፉም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዚህ ትምህርት የከፈልኩትን ደግሞ ልናገር። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ደብዳቤና መዝገብ መያዝ ነው። ሐኪም የደሜ ስኳር ከፍ ማለቱን ነግሮ እንድንቀሳቀስ ባዘዘኝ ጊዜ፣ በአንድ ስፖርት ቤት የሦስት ወር ክፍያ 9,000 ብር በአንድነት ከፈልኩ። በዚያ ቤት የአንድ ቀን መግቢያ 400 ብር ነበር። የሄድኩት 6 ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ብከፍል ኖሮ 2,400 ብር ይበቃኝ ነበርና 6,600 ብር ከሰርኩ። የጌታዬን መዝገብ እስከ ሳንቲም የማስታርቅ ሰው፣ የራሴን ሒሳብ ያስታረቅሁት ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ ነበር። ከብሩም ይልቅ የከበደኝ ሐኪሙ ዘንድ ስመለስ ስኳሩ እንደ ነበረ መገኘቱ ነው፤ ከፍያለሁ የሚለው አሳብ ሠርቻለሁ የሚል መስሎ አታሎኝ ነበርና።

ዛሬ በማለዳ ወደ መስቀል አደባባይ እሄዳለሁ፤ የአዲስ አበባ ሯጭ ብዙ ዓመት በነፃ ሲሠራበት የቆየ ስፍራ ነው። በወሩ መጨረሻም የሄድኩበትን ቀን እንደ ገንዘብ ቈጥሬ በማስታወሻዬ እመዘግባለሁ።

መልመጃ

አንባቢው ውል ከመፈረሙ በፊት ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ይጻፍ። አንደኛ፣ ባለፈው ወር በእግሬ የሄድኩት ስንት ጊዜ ነው? ሁለተኛ፣ ጠቅላላው ክፍያ ለዚያ ቍጥር ሲካፈል የአንዱ ዋጋ ስንት ይወጣል? ሦስተኛ፣ ይህ ዋጋ ከችርቻሮው ያንሳል ወይስ ይበልጣል? የሚበልጥ ከሆነ በችርቻሮ ይክፈል፤ የሚያንስ ከሆነ ደስ ብሎት ይፈርም።