መንቃትም ሕክምና ነው፦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተኙ ሰዎች ቤተሰቦች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው አይሲዩ በሚባለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቤተሰብ ለተኛባቸው ሰዎች ነው። የሐኪምን ምክር አይተካም።

ለምን ሙሉ በሙሉ አያስተኟቸውም?

እናትዎ ወይም አባትዎ የመተንፈሻ ቱቦ በአፋቸው ገብቶ ዓይናቸውን ሲገልጡ ማየት ያስጨንቃል። «እባካችሁ አስተኟቸው፤ አይሰቃዩ» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቀድሞ የሐኪሞችም ልማድ ሕመምተኛውን በመድኃኒት በጥልቀት ማስተኛት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የቺካጎ ጥናት 128 ሕመምተኞችን ተከታትሏል። የማስተኛ መድኃኒታቸው በየቀኑ ለጊዜው እየቆመ የነቁት ሕመምተኞች በመካከለኛ ስሌት ለ4.9 ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ተረድተዋል። የሌሎቹ 7.3 ቀን ነበር።

ስለዚህ መድኃኒቱ ሲቀነስ ችላ ተባሉ ማለት አይደለም። የሕመም ማስታገሻ ለብቻው ይሰጣል፤ ያመማቸው ከመሰለዎት ይናገሩ። በጥልቀት መተኛት የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞችም ስላሉ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ዲሊሪየም ምንድን ነው?

ዲሊሪየም ከባድ ሕመም የሚያመጣው ድንገተኛ የአእምሮ መወናበድ ነው። አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል፣ ቱቦውን ለመንቀል ይታገላል። ሌላው ዝም ብሎ ይፈዛል፤ የተኛ ስለሚመስል ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል። ይህ እብደትም ልክፍትም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የናሽቪል ጥናት 821 ጽኑ ሕሙማንን አካቷል። ከ100ው 74ቱ በሆስፒታል ሳሉ ዲሊሪየም ነበረባቸው። ብዙ ቀን የቆየባቸው ከአንድ ዓመት በኋላም በማስታወስና በማሰብ የበለጠ ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሃሎፔሪዶል የተባለው መድኃኒት የዲሊሪየሙን ጊዜ እንዳላሳጠረ አሳይቷል።

ፈተናው በአማርኛ ይሁን

ነርሶች ዲሊሪየምን የሚለዩት በአጭር ፈተና ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው አንድ ፊደል በሰማ ቁጥር እጅ እንዲጨብጥ ይጠየቃል። «ድንጋይ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?» ለሚለው ዓይነት ጥያቄም በራስ ንቅናቄ መመለስ ይቻላል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ አእምሯቸው ደኅና የሆነ እናት «ተወናብደዋል» ሊባሉ ይችላሉ። በእርግጥ ተወናብደው ሳለም «ቋንቋው ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ልጅ ሲያስተረጉም የእናቱን የተሳሳተ መልስ ማቃናት ያምረዋል። አስተርጓሚ ግን የተባለውን እንዳለ ያስተላልፋል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ በሕግ ይጠበቅበታል።

መንቀሳቀስ

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 104 ሕመምተኞችን አነጻጽሯል። ገና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ እንቅስቃሴ ከጀመሩት ከ100ው 59ኙ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ከሌሎቹ ግን 35ቱ ብቻ። ይሁን እንጂ በዛ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከተለመደው በላይ ማንቀሳቀስ ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘና ጉዳት እንዳበዛ አሳይቷል። መጠኑን ባለሙያዎች ይወስኑ።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• በሚያውቁት ድምፅ በአማርኛ ያነጋግሯቸው። ማን እንደሆኑ፣ ቀኑን፣ ያሉበትን ቦታ በእርጋታ ይንገሯቸው። ሲቃዡ አይከራከሯቸው።
• መነጽራቸውንና የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውን ያምጡ።
• ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ሌሊት እንቅልፍ ያግኙ። ጠያቂ ሲበዛ ተራ ያውጡ።
• አጥሚትም ሆነ ጠበል ነርሷን ሳይጠይቁ በአፍ አይስጡ። ቱቦው ከወጣ በኋላም መዋጥ ሊያቅታቸውና ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
• «ዛሬ እርሳቸውን አይመስሉም» ካሉ ወዲያው ለነርስ ይንገሩ። የቀድሞ ጠባያቸውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በየቀኑ እነዚህን ይጠይቁ፦

1. የማስተኛ መድኃኒቱ ዛሬ ሊቀነስ ይችላል?
2. የዲሊሪየም ፈተናው በአስተርጓሚ ተደርጓል?
3. ዛሬ ቁጭ ማለት ይችላሉ?

እንግሊዝኛ ካልቻሉ ይህን ብቻ ይበሉ፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊዝ።»