የማራቶኑን ዕዳ በአገር ቤት ሩጫ አትክፈል

 

የዛሬው ትምህርታችን ወራት ሙሉ ለማራቶን ለፍቶ፣ ያሰበው ሳይሳካለት ወደ ትውልድ ቀዬው ለተመለሰ ወጣት ሯጭ ነው። ሯጭ ባትሆንም አንብበው። ፈተና የወደቀ፣ ንግድ የከሰረ፣ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። እህቴ ሆይ፣ አነጋገሩ "አንተ" ቢልም ነገሩ ላንቺም ነው።

የመካነ ሰላም ልጅ ነህ እንበል። በማራቶኑ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግርህ ከዳህና አቋረጥክ፤ ወይም ካሰብከው ሰዓት በብዙ ደቂቃ ዘግይተህ ገባህ። ከሳምንት በኋላ ደሴ ላይ መኪና ቀይረህ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፈህ፣ በአቀስታ በኩል ቦረና ገባህ። እናትህ በሰላም መግባትህን አይተው "አልሃምዱሊላህ" ብለው አቀፉህ። ጎረቤቱ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይጠብቅሃል፦ "ስንተኛ ወጣህ?" በዚያው ሰሞን በከተማው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሊካሄድ ነው። የሰፈር ልጆች "አንተማ ብቻህን ነው የምትገባው!" ይሉሃል።

እዚህ ላይ ነፍስ ሁለት ነገር ታንሾካሹካለች። አንዱ "ውጣና አሳያቸው፤ ስምህን አስመልስ" የሚል ነው። ሌላው "ቤትህ ተቀመጥ፤ ተሸንፈህ መጥተህ በምን ፊትህ ትታያለህ?" የሚል ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱም የሰው ዓይን ነው። የዛሬው መልእክታችን ባጭሩ ይኸው ነው፦ የአገር ቤቱን ሩጫ ሩጥ፤ የማራቶኑን ዕዳ ግን በእሱ አትክፈል።

ያልተቀደመችው ግመል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አል-ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው። በእሽቅድድም የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ዐረብ በግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሐቦቹን ነገሩ ከበዳቸው፤ ፊታቸው ላይም ታየ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከዱንያ ነገር ከፍ ያለ ሁሉ አንድ ቀን ዝቅ መደረጉ የአላህ ሐቅ መሆኑን አስረዷቸው። ታሪኩ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል።

በዘገባው ውስጥ "እንደገና እንወዳደር" የሚል ነገር የለም። ሽንፈቱ እንደ ነውር አልተቆጠረም፤ የዱንያ ሥርዓት መሆኑ ተነገረ፣ ታለፈ። እኛ ግን ሽንፈትን እንደ ዕዳ እንይዘዋለን። መሸነፍ ዕዳ ካልሆነ የሚከፈል ነገር የለም። የሚቀረው መመርመር ብቻ ነው፦ አነሳሴ ከአቅሜ በላይ ፈጣን ነበር? ውሃና ምግብ በጊዜው ወስጃለሁ? ከውድድሩ በፊት በቂ ዕረፍት ነበረኝ? መልሱን በደብተር ጻፈው፤ ከአሰልጣኝህ ጋር ተወያይበት። ይህ ከአላህ ዘንድ የመጣውን ከመቀበል ጋር አይጋጭም፤ ሰበብን ማድረስ ነውና።

ሕመሙ ጠፋ ማለት ዳንክ ማለት አይደለም

ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ላይ ጡንቻ ያከማቸው ግላይኮጅን የተባለ ነዳጅ ወደ ማለቁ ይደርሳል፤ የጭንና የባት የጡንቻ ክሮችም በብዙ ቦታ በጥቃቅኑ ይቆስላሉ። ነዳጁ በደንብ ከተበላ በጥቂት ቀናት ይሞላል። ደረጃ ስትወርድ የሚሰማህ ሕመምም ብዙ ጊዜ ከሳምንት አያልፍም። አታላዩ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ከጠፋ በኋላም የጡንቻው ጥገና ለሳምንታት ይቀጥላል። በአሥረኛው ቀን "ምንም አልሆንኩም" የሚል ሯጭ እየዋሸ አይደለም፤ ሰውነቱ ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

ልምድ ያላቸው ሯጮች አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው፦ በውድድር ለሮጥከው ለእያንዳንዱ ማይል አንድ ቀን ከጠንካራ ሩጫ ራቅ። ማራቶን 26 ማይል ስለሆነ ወደ አራት ሳምንት ይጠጋል። ሕግ አይደለም፤ ጥሩ ልጓም ግን ነው።

ራስህን በሦስት ነገር ፈትሽ። ጠዋት ከመኝታህ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር፤ ከወትሮው በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ምት ከጨመረ ሰውነትህ አላረፈም። እንቅልፍህንና የምግብ ፍላጎትህን እይ፤ ከተዛቡ ታገስ። በሶምሶማ ላይ ሳለህ ከጓደኛህ ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተህ ፍጥነትህ ለማገገሚያ አይሆንም፤ ቀንስ።

የአገራችንም መልክ የራሱ ጣጣ አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ከዝቅተኛ አገር ለዕረፍት የመጣህ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃ አሳልፍ። ሌላው ቁልቁለት ነው። ብዙዎች ዳገቱን ይፈራሉ፤ የቆሰለን ጭን ይበልጥ የሚጎዳው ግን መውረዱ ነው፤ ጡንቻው እየተሳበ የሰውነትን ክብደት ይይዛልና። ስለዚህ በማገገሚያህ ሳምንታት ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ተወው፤ ሜዳ ሜዳውን ያዝ። ምግብ ሩቅ አትፈልግ፤ የደጋው ገብስ በበሶም በገንፎም አለ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ወተቱና እንቁላሉ የጠፋውን ይተካሉ።

ታላላቆቹ እንዴት ተመለሱ?

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2007 የለንደንን ማራቶን ሳይጨርስ አቋረጠ። በሳምንቱ ሌላ ማራቶን ውስጥ ገብቶ ስሙን ለማስመለስ አልሞከረም። በጁን ወር ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 21,285 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሴፕቴምበር 30 ቀን ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:04:26 ጨርሶ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ።

ሞ ፋራህ የመጀመሪያውን ሙሉ ማራቶን የሮጠው በኤፕሪል 2014 ባደገባት በለንደን ነበር፤ የከተማው ሰው መንገድ ሞልቶ እየጠበቀው ስምንተኛ ሆኖ ገባ። በሴፕቴምበር የታላቁ ሰሜን ሩጫን ግማሽ ማራቶን በ1:00:00 አሸነፈ። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው እህታችን ሲፋን ሐሰን በማርች 2024 በቶኪዮ ማራቶን አራተኛ ወጣች። በኦገስት 11 በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2:22:55 በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፋ፣ ሒጃቧን ለብሳ ወርቁን ተቀበለች።

ቀኑን ቁጠረው፤ በሦስቱም መካከል ያለው ጊዜ አምስት ወር ያህል ነው። አምስት ወር ሕግ ነው አልልህም። ግን አንዳቸውም ቢሆኑ ሽንፈቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለማጠብ አልተጣደፉም። በመካከሉ አጫጭር ሩጫዎችን ሮጠዋል፤ ትልቁ መልስ ግን በጊዜው መጣ።

እንግዲህ እንዴት ትሩጥ?

ከማራቶኑ አራት ሳምንት ካልሞላህ የሰፈሩን ሩጫ እንደ ውድድር አትሩጠው፤ ልትሮጠው ግን ትችላለህ። ዘዴውም አሯሯጭ መሆን ነው። በሰፈርህ ጎበዝ የሚባል፣ ገና አገሩን ለቆ ያልወጣ ታዳጊ አይጠፋም። ጎኑ ሆነህ ተነስ። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እሱ በሞቅታ ሲሮጥ "ቀስ በል" በለው። ዳገቱ ላይ እርምጃውን እንዲያሳጥር አስተምረው። መጨረሻው ሲቃረብ "በል ሂድ!" ብለህ ልቀቀው፤ አንተ በራስህ ፍጥነት ግባ። በማራቶኑ የከሰርክበትን ዕውቀት ለእሱ በነጻ ሰጠኸው ማለት ነው። ያ ልጅ ይህን ቀን አይረሳውም።

ለአያያዝ የሚሆን ምሳሌ በሲራችን አለ። ሰለማህ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) በእግር ሩጫ የታወቀ ሶሐባ ነበር። ከዘመቻ ሲመለሱ ማንም የማይቀድመው አንድ የአንሷር ሰው እስከ መዲና የሚሮጥ ተወዳዳሪ ጠየቀ። ሰለማህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አስፈቅዶ ተነሳ። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው መጀመሪያ አንድ ሁለት ኮረብታ ያህል ትንፋሹን እየቆጠበ ራሱን ያዘ፤ መዲና የቀደመው ከዚያ በኋላ ነው። ጤነኛው ሰለማህ ትንፋሹን ከቆጠበ፣ ገና ያላገገምከው አንተ ምን ልታደርግ ይገባሃል?

"ሽልማቱስ? ቤተሰቤ ገንዘቡን ይፈልገዋል" ትል ይሆናል። ጥያቄህ እውነት ነው፤ ችግርን የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም። ነገር ግን አመዛዝን። ያልዳነ ጡንቻ ላይ ጅማት ቢጨመርበት የምታጣው አንድ ሩጫ ሳይሆን የመጪው ወራት ልምምድና ከክለብህ ጋር ያለህ ቦታ ነው። አራት ሳምንት ካለፈህ፣ ሦስቱም ፈተናዎች ደህና ከሆኑ፣ አሰልጣኝህም ካወቀና ከፈቀደ በአላህ ስም ተወዳደር። አንዱ ከጎደለ ግን ሪዝቅህ በዚያ አንድ ጠዋት ብቻ እንዳልተንጠለጠለ እመን። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ውጠህ ከመሮጥም ተጠንቀቅ፤ ኪኒኑ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ቁስሉን አያድነውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ሰውነትህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው፤ አማናም ነው።

"ስንተኛ ወጣህ?"

ወደ ጎረቤቱ ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ክፋት የለበትም። የደጋው ሰው የልጁን ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ሌላ የሚጠይቅበት ቃል ስለሌለው ቁጥር ይጠይቃል። አትሸሽ፣ አትዋሽም። "አልተሳካልኝም፤ 30 ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ያዘኝ፤ አሁን እያገገምኩ ነው፤ ዱዓ አድርጉልኝ" በል። ይህን ካልክ በኋላ የምትደብቀው ነገር አይኖርም፤ የምትፈራውም ያንሳል። አብዛኛው ሰው "አብሽር" ይልሃል። በቡናው ዙሪያ ዱዓ ይደረግልሃል። የሚያላግጥ አንድ ሁለት ሰው ቢኖር እሱን ለማሳመን ብለህ ጅማትህን አትስጥ።

የአገር ቤት ሩጫ ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስጀመረውን የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን አስብ። 10 ኪሎ ሜትሩን ለማሸነፍ የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ሺዎቹ ግን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው የሚወጡት አብረው ለመሆን ነው። የከተማህ ሩጫ ትንሽ ቢሆንም ትርጉሙ ከዚህ አይለይም። አባቶች ዳር ቆመው ያያሉ፤ ሕፃናት ባዶ እግራቸውን ይከተሉሃል። እነሱ ከአንተ የሚፈልጉት ሰዓትህን አይደለም፤ መጥተህ አብረሃቸው መሮጥህን ነው።

ስለዚህ ጫማህን ከማሰርህ በፊት ኒያህን አስተካክል። "ለሰው ላሳይ" ከሆነ ቤትህ መቀመጥ ይሻልሃል። "ሰውነቴን በአግባቡ ልመልስ፣ ታናናሾቼን ላበርታ፣ ከአገሬ ሰው ጋር ልደሰት" ከሆነ ቢስሚላህ ብለህ ውጣ። መሃል ላይ ገብተህም "አልሃምዱሊላህ" በል። ማራቶኑ እንደሆነ ሌላ ቀን አለው።

አላህ የደከመውን ያበርታ፣ የታመመውን ያሽር፣ ልፋታችንን ለእሱ ብቻ ያድርግልን። አሚን። ይህን ጽሑፍ ከውድድር አዝኖ ለተመለሰ ወንድም ወይም እህት አድርሱለት።

ጁምዓ ሙባረክ!