ገመናን ያየች ዐይን፤ ስለ ሕዝብ ጤና ነርስ ሥራና ሥነ ምግባር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ ጥሎ ያልፋል። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ መድኃኒት ጠልቶ ሳይሆን የሚሰማውን ሰው ባለማመኑ ነው። የሚታመን ሰሚ ሲገኝ የተደበቀው ይወጣል፤ ካልተገኘ ግን ጤና ጣቢያው ከደጃፉ ቢሠራለትም ሕመሙ ከነባለቤቱ በጓዳ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ የመታመንን ነገር ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው ከሙያዎች ሁሉ ይበልጥ በመታመን ላይ የቆመውን፣ ይኸውም የሕዝብ ጤና ነርስን ሥራ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችን ከመርፌና ከክትባት ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። መርፌ እንዴት እንደሚወጋ የሚያስተምር ሌላ ፋኩልቲ አለ፤ አንድ ሠራተኛ የሰውን ጓዳ ካየ በኋላ ያየውን ምን ሊያደርገው ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን የሁላችንም ነው። ነገ መምህር፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ ወይም የጽሕፈት ቤት ሹም የምንሆን ሁሉ የሰው ምስጢር በእጃችን ይገባልና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

1ኛ፦ የሙያው ትርጉምና አመጣጥ

በሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ ዘንድ በሽተኛው ራሱ ይመጣል። አልጋው የሐኪም ቤቱ ነው፤ የመብሉና የመኝታው ሰዓት፣ የጠያቂውም ቍጥር በሐኪም ቤቱ ደንብ ይወሰናል። የሕዝብ ጤና ነርስ ግን ወደ ሰው ቤት የምትሄደው እርስዋ ናት፤ በዚያም ቤት እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለችም። ደግሞም የምትጠብቀው የታመመውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልታመመውን ጭምር ነው። ስለዚህ የእርስዋ «በሽተኛ» አንድ ሰው ሳይሆን ቤተ ሰቡ፣ መንደሩ፣ የውኃው ጕድጓድና ትምህርት ቤቱ ነው ማለት ይቻላል።

በ1859 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ዊልያም ራትቦን የተባለ ነጋዴ ባለቤቱ ሞተችበት። ሚስቱን በቤቱ ያስታመመቻት ሜሪ ሮቢንሰን የተባለች ነርስ ነበረች። ራትቦንም «ሀብት ያለኝ እኔ እንኳ ያለ እርስዋ ይህን ያህል ከተቸገርሁ ድኻው እንዴት ይሆናል?» የሚል አሳብ አድሮበት ይህችኑ ነርስ የከተማውን ድኾች በየቤታቸው እንድታስታምም ቀጠራት። የቤት ለቤት ነርስነት በሥርዓት የተጀመረው በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1893 ሊሊያን ዋልድ የተባለች ወጣት ነርስ በኒውዮርክ ከተማ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ስለ ሕሙማን አያያዝ ስታስተምር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ወደ ታመመች እናትዋ ወሰደቻት። ዋልድ በዚያ ቤት ያየችው ድኽነት ሕይወትዋን ለወጠው፤ ከጓደኛዋ ጋር እዚያው ሰፈር ገብታ መኖር ጀመረች። «የሕዝብ ጤና ነርስ» የሚለውን ስም ያወጣችው እርስዋ ናት ይባላል። በ1902 ደግሞ ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ ወደ ከተማው ትምህርት ቤቶች ተላከች። ቀድሞ ዐይኑን ትራኮማ ወይም ራሱን ቅማል የያዘው ልጅ ከትምህርት ቤት ይባረር ነበር፤ ልጁን ማባረር ግን በሽታውን ወደ ቤቱ መሸኘት እንጂ ማከም አይደለም። ሮጀርስ ልጁን እስከ ቤቱ ተከትላ እናቱን ማስተማር በጀመረች ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩት ልጆች ቍጥር እጅግ ቀነሰ።

2ኛ፦ በአገራችን

በ1953 በጎንደር አካባቢ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በመንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ ተቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው ዶክተሮችን ሳይሆን በአንድነት የሚሠማራ ቡድን ነው፤ ይኸውም የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ (ሳኒታሪያን) ነበሩ። አሳቡ የተወለደው ከችግር ነው፤ ሐኪሞች ጥቂቶች፣ መንገዱ ሩቅ፣ ሕዝቡም ብዙ ነበርና። በ1958 ወባ እንደገና በብዙ አውራጃዎች ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲታመም 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። እንዲህ ያለውን መቅሠፍት የሚችል የሐኪም ቤት አልጋ ከቶ የለም፤ የሚቻለው አስቀድሞ በየመንደሩ በሚሠራ ሥራ ነው።

ይኸው አሳብ በ2003 በሌላ መልክ ተመለሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ጤና ኬላ 5,000 ለሚያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቍጥራቸው ከ30,000 በለጠ። እነዚህ ሴቶች በሥልጠናቸው ነርሶች ባይሆኑም የሚሄዱበት መንገድ ግን ሜሪ ሮቢንሰን የሄደችበት ነው። ከ1990 እስከ 2012 ድረስ በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም በእግር የተሄደው መንገድ ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም።

3ኛ፦ ሥራው በሰው ቤት

አንዲት ነርስ ወደ አንድ ቤት ሄደች እንበል። የመጀመሪያው ሥራዋ ከደጅ ቆሞ መጣራት ነው። «ግቢ» ሳትባል አትገባም፤ «ተቀመጪ» በተባለችበት ትቀመጣለች። የቤቱን እመቤት በዕድሜዋ «እማማ» ወይም «እትዬ» ትላታለች፤ እነርሱም «ሲስተር» ይሏታል። ቡና ከቀረበላት አንድ ስኒ ትጠጣለች። ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ካለ ሥራውን አላወቀውም። የቤቱን ቡና የናቀች ምክርዋም ይናቅባታል፤ ከቡናው አልፋ ዶሮና ቅቤ የተቀበለች ግን ለሰጣት ቤት ታደላለች ተብላ ትጠረጠራለች። ወሰኑ እዚህ ላይ ነው።

ቡናው እስኪፈላ ዐይንዋ ሥራውን ይሠራል። እንስራው ተከድኗል? ጢሱ የሚወጣበት መስኮት አለ? የሕፃኑ ፊት ታጥቧል ወይስ ዝንብ ሰፍሮበታል? የሕፃኑን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ትለካለች፤ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጥብጣቡ ቀይ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይዘገይ መድረስ አለበት። ሌላው ልጅ ተቅማጥ ይዞት ከሆነና የተዘጋጀው ንጥረ ነገር ካልተገኘ፣ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 6 ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣትን ታሳያለች። ማሳየት ብቻም አይደለም፤ እናቲቱ ራስዋ በራስዋ ማንኪያ እንድትለካ ታደርጋለች። በነርስዋ እጅ የተሠራ ነገር ነርስዋ ስትወጣ አብሮ ይወጣል፤ በእናቲቱ እጅ የተሠራው ግን በቤቱ ይቀራል።

4ኛ፦ ገመና

በቋንቋችን «ገመና» የምንለው ቃል አለ። ገመና ማለት ወንጀል አይደለም፤ የቤት ጕድለት፣ ለውጭ ሰው ሊታይ የማይገባው ነገር ነው። የመሶቡ ባዶነት፣ የባልና የሚስት ጠብ፣ በጓዳ የተኛው የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ይህ ሁሉ ገመና ነው። ሰው ገመናውን ለጎረቤቱ እንኳ ይሸፍናል፤ ነርስዋ ግን በአንድ ጕብኝት ታየዋለች። ስለዚህ ሕዝባችን የነፍስ አባትን የሚያምንበትን ዐይነት እምነት ይጥልባታል።

ችግሩ የሚነሣው እዚህ ነው። ነርስዋ የዚያው መንደር ልጅ ከሆነች በዕድርና በማኅበር ከሁሉም ጋር ትገናኛለች። ቋንቋውንና ልማዱን ማወቅዋ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ምስጢር የሚያመልጥባት ደጃፍም ብዙ ነው። አማት በመንገድ አግኝታ «ለምራቴ የሰጠሻት ምንድን ነው?» ብትላት ምን ትመልሳለች? የተሰጠው የወሊድ መቈጣጠሪያ ቢሆን አንዲት ቃል ትዳር ልታፈርስ ትችላለች። የኤድስ በሽታ እጅግ በሚፈራበት ጊዜ ደግሞ ምስጢርን ለማውጣት አፍ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ምልክት የተለጠፈበት መኪና በአንድ ቤት ደጃፍ ደጋግሞ መቆሙ ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ምስጢር ሁሉ ለዘለዓለም ይደበቃል ማለት ነውን? አይደለም። አባት የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሕፃናቱን አቅፎ የሚተኛ ቢሆን፣ ዝም ማለት በሕፃናቱ ላይ መፍረድ ነው። መንገዱ ግን በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ለአባትየው ለብቻው እውነቱን ትነግረዋለች፤ የ6 ወሩን መድኃኒት ሳያቋርጥ ቢወስድ እንደሚድንና ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ማስተላለፉ ቶሎ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታስረዳዋለች። ቀጥሎም ለቤተ ሰቡ ራሱ እንዲነግር ትረዳዋለች። እምቢ ካለና አደጋው ከቀጠለ ግን ለሚመለከተው የጤና ሹም ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ለእርሱም አስታውቃ ትናገራለች። ለጤና ሹም የተነገረና በቡና ላይ የተወራ አንድ አይደሉም።

5ኛ፦ የመቅን አውራጃ ታሪክ

ነርስ ደግ ከሆነች በቂ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ታሪክ እንዲያስብበት እንጠይቃለን። በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ፣ በመቅን አውራጃ፣ በተስኪጊ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ 600 ጥቁር ወንዶችን መዝግቦ የቂጥኝን በሽታ አካሄድ መመልከት ጀመረ። 399ኙ በሽታው የነበረባቸው ሲሆኑ 201ዱ ለማነጻጸሪያ የተያዙ ነበሩ። በሽተኞቹ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተባሉ እንጂ እውነቱ አልተነገራቸውም። ከጀርባቸው ለምርመራ ፈሳሽ ሲቀዳም «ልዩ ነጻ ሕክምና» ተብሎ ተጻፈላቸው። ከ1947 ገደማ ጀምሮ ፔኒሲሊን የበሽታው የታወቀ ፈውስ ከሆነ በኋላም ጥናቱ መድኃኒቱን ነፈጋቸው።

ሐኪሞቹ ይመጡና ይለወጡ ነበር፤ ሳትለወጥ የቆየችው ነርስ ዩኒስ ሪቨርስ ናት። እርስዋም ጥቁር ነበረች፤ ነርስነትንም የተማረችው እዚያው ተስኪጊ ነው። ሰዎቹን በመኪናዋ ታመላልሳለች፤ ቤታቸው ገብታ ስለ ልጆቻቸውና ስለ እርሻቸው ትጠይቃለች፤ ሲሞቱም ሬሳው ተከፍቶ እንዲመረመር ቤተ ሰቡን ለምና ታስፈቅዳለች፤ ለቀብሩም ርዳታ ይሰጣል። ይወዷት ነበር። በ1958 መንግሥት ስለ አገልግሎትዋ ሸለማት። በ1972 ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ጥናቱ ቆመ፤ በ1974 በሰው ላይ የሚደረገውን ምርምር የሚቈጣጠር ሕግ ወጣ፤ በ1997ም ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሕይወት የተረፉትን በአገሪቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ።

በነርስ ሪቨርስ ላይ በችኰላ መፍረድ አንፈልግም። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያየበት ነበር፤ አዛዦችዋ ነጭ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሰዎቹም ያለ እርስዋ ጠያቂ አልነበራቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር መካድ አይቻልም። ሰዎቹን 40 ዓመት ሙሉ በጥናቱ ውስጥ ያቈየው አንዱ ገመድ በእርስዋ ላይ የነበራቸው እምነት ነው። ደግነትዋ ሐሰት አልነበረም፤ እውነት ስለ ጐደለው ግን ወጥመድ ሆነ።

6ኛ፦ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት

እኛ እንደሚመስለን ነርስዋ ከቤቱ የተቀበለችው እምነት የመሥሪያ ቤትዋ ንብረት አይደለም። እምነቱን የሰጠው ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ለባለቤቱ ጥቅም ብቻ ሊሠራበት ይገባል። ከዚህም አራት ግዴታዎች ይከተላሉ።

ሀ) እውነትን መናገር፤ የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ጥቅምና ጕዳት በሚገባ ቋንቋ መግለጽ።

ለ) ማስፈቀድ፤ «እምቢ» የማለት መብት የሌለበት «እሺ» ፈቃድ አይባልም።

ሐ) ገመናን መሸፈን፤ ሲገለጥም ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው መጠን።

መ) ለአለቃም ቢሆን «ይህ አይሆንም» ማለት። ጽሕፈት ቤቱ ስንት ሽንት ቤት ተቈፈረ፣ ስንት ልጅ ተከተበ ብሎ ቍጥር ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ቍጥሩ ባይሞላ የምትቀጣ ሠራተኛ ግን ወይ ባለቤቱን ታስገድዳለች፣ ወይ ያልሆነውን ትጽፋለች።

ይህን አራተኛውን ግዴታ በነርስዋ ትከሻ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። አንዲት ወጣት በሩቅ ቀበሌ ለብቻዋ «አይሆንም» ለማለት የምትችለው ከኋላዋ ሕግ፣ የሙያ ማኅበርና የሚሰማ አለቃ ሲኖር ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 ያጸደቀውና እስከ 2021 ድረስ ደጋግሞ ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ ነገር ግን ደንብ በመሳቢያ ተቈልፎ ማንንም አይጠብቅም። ያን ደጀን የሚሠሩት ደግሞ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ሕግ የምናጠና፣ ታሪክ የምናጠና፣ ነገ በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠን ቍጥር የምንጠይቅ እኛው ነን።

ለመወያያ ያህል ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን፤ መልስ ያለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።

1. ባል የሚስቱን የጤና ካርድ «አሳዪኝ» ቢል ነርስዋ ምን ልትመልስ ይገባል?

2. ልጁን አላስከትብም ያለውን አባት እስከ ምን ድረስ መገፋፋት ይቻላል?

3. በነርስ ሪቨርስ ቦታ ብንሆን፣ በየትኛው ዓመትና ለማን እንናገር ነበር?