የአይሮፕላን ነጂዎች በሰማይ ስለሚያዩት ያልታወቀ ነገር

አንድ የአይሮፕላን ነጂ በሌሊት ምን እንደ ሆነ ያላወቀሁት ብርሃን አየሁ ቢል፣ ቃሉን እንደ ተረት መናቅ አይገባም። ዓይኑ ተመርምሮ፣ በትምህርትም ተፈትኖ ለሥራው የበቃ ሰው ነውና። ነገር ግን «አየሁ» ማለትና «ያየሁት ይህ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው።

«በራሪ ሳሕን» የሚለው ስም የተሰማው ሰኔ 17 ቀን 1939 ዓ.ም. ኬኔት አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ የራሱን ትንሽ አይሮፕላን ሲነዳ በሬይኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ካየ በኋላ ነው። በዓመቱ ሐምሌ 17 ቀን 1940 ዓ.ም. ቺልስና ዊትድ የተባሉ የኢስተርን አየር መንገድ ነጂዎች በአላባማ ሰማይ መስኮቶች ያሉት፣ እሳት የሚተፋ ረጅም ነገር በአጠገባችን አለፈ አሉ። ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ ተወርዋሪ ኮከብ ነው ብለዋል።

ተወርዋሪ ኮከብ መስኮት ከየት አመጣ? የሚል ተማሪ ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው። በ1960 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዞንድ 4 ከተባለው የሶቪየት መንኰራኵር ጉዞ የተረፈ ስብርባሪ በአሜሪካ ሰማይ ላይ እየነደደ አለፈ። ካዩት ሰዎች አንዳንዶቹ መስኮት የተደረደረበት መርከብ አየን ብለው ጻፉ። የነበረው ግን የተበታተነ የሚነድ ብረት ነው። ዓይን ብርሃኖቹን ብቻ ሲያይ፣ አእምሮ በመካከላቸው ያለውን ጨለማ አካል አድርጎ ይሞላዋል።

ርቀትም እንዲሁ ያታልላል። በቀን የፎገራን ሜዳ ስናይ ከብቱንና ዛፉን እያመዛዘንን ርቀቱን እንገምታለን። በሌሊት ሰማይ ግን መመዘኛ የለም። ገበሬው ማለዳ የሚነሣባት አጥቢያ ኮከብ፣ ማለት ቬነስ፣ ለነጂው የቀረበ መብራት ልትመስለው ትችላለች። ከዚህም በላይ አንዲትን ብርሃን በጨለማ ትኩር ብለው ቢያዩአት ሳትንቀሳቀስ የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ይህን ማንም ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ሊፈትነው ይችላል።

ነገሩ ለነጂው ጨዋታ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በጎረቤታችን በባሕር ዳር አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ሲነሣ ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገቡበትና ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ስለዚህ ነጂ በፊቱ ያለውን ሁሉ መጠንቀቅ አለበት። ዳሩ ግን ፈጥኖ መፍረድም ይጎዳል። ጥር 6 ቀን 2003 ዓ.ም. በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አንድ የኤር ካናዳ ረዳት ነጂ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ቬነስ አይሮፕላን መሰለችው። ቀጥሎ እውነተኛውን መጪ አይሮፕላን ባየ ጊዜ ሊጋጨን ነው ብሎ የራሱን ወደ ታች ደፋው፤ መጪው ግን 1,000 ጫማ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ነበር። 14 መንገደኞችና 2 አስተናጋጆች ቆሰሉ።

የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1962 ዓ.ም. ከሰበሰበው 12,618 ወሬ ውስጥ 701ዱ ሳይፈታ ቀርቷል። ይህን ይዘው እንግዶች ከሌላ ዓለም መጡ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መልስ ማጣት እንደ መልስ የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስታርሊንክ የሚባሉት ሳተላይቶች በብዛት ስለ ወጡ፣ ነጂዎች በአድማስ አጠገብ ቦግ ብለው የሚጠፉ መብራቶች ያያሉ። የፀሐይ ብርሃን ከሳተላይቶቹ ላይ ሲንጸባረቅ ነው።

በአንበሳሜ ሰማይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ተማሪ ለጓደኛው ከማውራቱ በፊት ይጻፈው። ሰዓቱን፤ በጣና በኩል ወይስ በጉና ተራራ በኩል መሆኑን፤ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ፤ ድምፅ እንደ ነበረው ወይም እንዳልነበረው። ከአድማስ በላይ ያለውን ከፍታ ለመለካት ክንድን ዘርግቶ ጡጫን መጨበጥ ይበቃል፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል ነው። «ትልቅ ነበር» ወይም «ቅርብ ነበር» የሚለውን ግን ይተወው፤ ያንን ዓይን በሌሊት አይለካውምና።