«ኳራንቲን» እና «አይሶሌሽን»፦ ልዩነታቸውን እንወቅ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት «ኳራንቲን» እና «አይሶሌሽን» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በየዕለቱ ይሰሙ ነበር። ሁለቱም ሰውን ከሰው መለየትን ስለሚያመለክቱ ብዙዎች አንዱን በሌላው ምትክ ሲጠቀሙበት ይስተዋላል። ይሁን እንጂ ቃላቱ የሚመለከቷቸው ሰዎች የተለያዩ ናቸው።

ኳራንቲን ወይም ለይቶ ማቆየት የሚመለከተው ለቫይረሱ ሳይጋለጥ አልቀረም ተብሎ የሚታሰበውን፣ ነገር ግን የሕመም ምልክት የሌለውን ሰው ነው። ቃሉ «አርባ» ከሚል የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን በቬኒስ ወደብ መርከቦች ወረርሽኝ እንዳያስገቡ ለ40 ቀናት ተለይተው ከሚቆዩበት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በወረርሽኙ ወቅት ለኮቪድ-19 የ14 ቀናት ቆይታ ተወስኖ የነበረው፣ የበሽታው ምልክት ከተጋለጡ በኋላ እስከ 14 ቀናት ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ነው።

አይሶሌሽን ወይም ለይቶ ማከም ደግሞ ቫይረሱ በምርመራ የተገኘበትን ወይም ምልክት የታየበትን ሰው ይመለከታል። የሚያበቃውም የጤና ባለሙያ ሲፈቅድ ነው።

ለምሳሌ፣ አንድ አባት ተመርምረው ቫይረሱ ተገኘባቸው እንበል። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ምልክት የላቸውም። አባት አይሶሌሽን፣ ቤተሰቡ ደግሞ ኳራንቲን ያስፈልጋቸዋል። ልዩነቱን ባለማወቅ ሁሉም በአንድ ክፍል ቢቀመጡ፣ ጤነኞቹም ሊያዙ ይችላሉ። ልጆቹ «እኛ ደህና ነን» ብለው ወደ ገበያ ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ቢሄዱ ደግሞ፣ ሳያውቁት ቫይረሱን ለሌሎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። በተጋለጡ በሁለተኛው ቀን ተመርምረው ነፃ ቢባሉም እንኳ ቫይረሱ በምርመራ ለመታየት ጊዜ ስለሚወስድ፣ የተወሰነውን ቆይታ መጨረስ ይገባቸዋል።

ልዩነቱን ማወቅ ከመገለል ጭምር ይጠብቃል። ጎረቤታችን ኳራንቲን ገባ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። ምናልባት ቢታመም እንኳ ሌሎችን እንዳያስይዝ ራሱን ለይቷል ማለት ነው። ስለሆነም ርቀታችንን ጠብቀን ምግብና መድኃኒት ከደጃፉ በማድረስ፣ በስልክም በመጠየቅ ልናግዘው ይገባል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚመለከትዎ ከተጠራጠሩ ከቤት ሳይወጡ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ደውለው ባለሙያ ያማክሩ።