የጋዙ ሙቀት ወዴት ይሄዳል? በዱቦ ማጀት የማብሰያ ወጪን ስለ መቀነስ

በወላይታ ዞን በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከአረካ ከተማ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ዱቦ በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንባቢን የምንጋብዘው ወደ ማጀቷ ነው። ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች የቤት ጋዝ ወጪ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ክፍልን ማሞቅ ነው። በዱቦ የጋዙ ሥራ ድስት ማሞቅ ነው። ሲሊንደሩ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ ካለቀ በኋላም ሌላ እስኪገኝ ቀናት ያልፋሉ። በዚያ መካከል የቤቱ እመቤት ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ትመለሳለች። በመሆኑም አንድ ሲሊንደር ስንት ሳምንት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከኪስ አልፎ የዓይንና የሳንባ ጥያቄም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከቤት ውስጥ ጭስና ከመሰል ብክለት ጋር በተያያዘ የሞቱ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ወደ 3.2 ሚሊዮን ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ ስለ ቁጠባ ሲነገር የሚመጣው ምክር አዲስ ምድጃ መግዛት ነው። ምድጃው የራሱ ድርሻ አለው፤ ወደ እርሱም እንመለስበታለን። ነገር ግን በዱቦ አካባቢ ትልቁ ብክነት ያለው ከምድጃው በላይ፣ ክዳኑ በተከፈተው ድስት አፍ ላይ ነው ብንል አንሳሳትም። እንጀራ ዋና ምግብ በሆነባቸው አካባቢዎች ከማገዶው አብዛኛውን የሚወስደው ምጣዱ ነው። በወላይታ ግን የበቆሎ ንፍሮው፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና ቦሎቄው ሁሉም ቅቅል ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ቁጠባን ለማወቅ የፈላ ውሃን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

አረካና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ ደግሞ ነበልባሉን የቱንም ያህል ብንጨምር ከዚህ በላይ አይሞቅም፤ ትርፉ ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። እየተንተከተከ የሚገነፍል ድስትና ቀስ ብሎ ጥቂት አረፋ የሚያወጣ ድስት በውስጣቸው ያለው ሙቀት እኩል ነው፤ ቦሎቄውም በሁለቱም ውስጥ የሚበስለው በእኩል ጊዜ ነው። ይህን ነገር ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው በቃል ይቀበሉታል፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን የጋዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በአንድ ድስት ውስጥ 20 ዲግሪ የሆነ ሦስት ሊትር ውሃ አለ እንበል። ይህን ወደ 94 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሙቀት 0.93 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ኪሎ ግራም የማብሰያ ጋዝ ሲቃጠል 46 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ በደህና ምድጃ ላይ ወደ ድስቱ የሚገባው ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል፤ ለስሌታችን 55 በመቶ ብንወስድ፣ ውሃውን ለማፍላት የጠፋው ጋዝ 37 ግራም ብቻ ነው። አሁን ክዳኑ እንደተከፈተ፣ እሳቱም እንደበረታ ቦሎቄው ሁለት ሰዓት ይቀቀልና ሁለት ሊትር ውሃ በእንፋሎት ይውጣ። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ እንፋሎት ለመሆን ወደ 2.27 ሜጋ ጁል ይፈልጋል። የሁለቱ ሊትር ድምር 4.5 ሜጋ ጁል ሲሆን፣ በጋዝ ሲተመን 180 ግራም ነው። ይኸውም ለማፍላት ከከፈልነው አምስት እጥፍ የሚጠጋውን ገንዘብ ጣሪያውን ለማርጠብ ከፈልን ማለት ነው።

መፍትሔው ከዚሁ ስሌት ይወጣል። ድስቱ እስኪፈላ እሳቱ ይበርታ፤ ነበልባሉ ግን ከድስቱ ግርጌ አልፎ በጎኑ መውጣት የለበትም። እንደፈላ ክዳኑ ይገጠም፤ ቁልፉም ድስቱ ከመፍላት እስከማያቆምበት ዝቅተኛ ደረጃ ድረስ ይመለስ። ቦሎቄው ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ያደረ ከሆነ ውሃው ወደ እህሉ መሃል አስቀድሞ ስለገባ የመቀቀያው ሰዓት በእጅጉ ያጥራል። የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢቀቀል ደግሞ ለሆድም ይስማማል።

ከዚህ አንድ እርምጃ እንለፍ። ድስቱ ከፈላ በኋላ የሚያስፈልገው ሙቀቱን እንዳያጣ መጠበቅ ብቻ ከሆነ፣ እሳት ለምን ይኖራል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ባጠራት እንግሊዝ ሰዎች የፈላ ድስት በደረቅ ሣር በተሞላ ሣጥን ውስጥ ቀብረው ምግባቸውን ያበስሉ ነበር። በዱቦ ለዚህ የሚሆን ነገር ከጓሮ አይጠፋም። ሰፊ ቅርጫት፣ ጭድ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ከላይም ወፍራም ጋቢ ይበቃል። ቅጠሉ ራሱ ብቻ ሳይሆን በቅጠሉ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው፤ ስለዚህ ተጠቅጥቆ ድንጋይ እስኪመስል መጫን የለበትም። ሽፋኑ ከድስቱ ግርጌም፣ ከጎንም፣ ከላይም ቢያንስ አንድ ጋት ውፍረት ይኑረው። ጎደሬና ስኳር ድንች በዚህ ዘዴ ያለ ችግር ይበስላሉ።

ስለ ቦሎቄ ግን ማስጠንቀቂያ አለን። በተለይ ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። ይህ ንጥረ ነገር የሚጠፋው በሚገባ በመፍላት እንጂ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት በመቆየት አይደለም። ስለዚህ የተዘፈዘፈው ቦሎቄ በእሳት ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ እየተንተከተከ ከፈላ በኋላ ነው ወደ ቅርጫቱ መግባት ያለበት። ከቅርጫቱ ሲወጣም እንደገና ፈልቶ በዚያው ቀን ይበላ።

አቅም ላለው ቤተሰብ አፉ የሚታሸገው ፕሬዠር ድስት ለደጋና ለወይና ደጋ ነዋሪ ከቆላ ሰው ይልቅ ይጠቅማል። ምክንያቱም ከፍታው የነሣንን ግፊት ድስቱ ይመልስልናል። በውስጡ ያለው ውሃ ሳይፈላ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እህልን የሚያበስለው ኬሚካዊ ለውጥ በየአሥር ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ቅቅል በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ለሻይና ለቡና ውሃ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ፔርሙስ ነው፤ ጠዋት አንዴ የፈላው ውሃ ለእኩለ ቀን ከተረፈ የሁለተኛው ማፍላት ወጪ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምድጃና ወደ ነዳጅ ምርጫ እንምጣ። የገበያ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዋጋ አንጽፍም፤ አንባቢ የአካባቢውን ዋጋ ራሱ የሚያስገባበትን ስሌት ግን እንሰጣለን። አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ወደ ድስቱ የሚያደርሰው 25 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል በተራ የቆርቆሮ ምድጃ 6፣ በ«ላቀች» ምድጃ ደግሞ 8 ያህል ያደርሳል። ደረቅ እንጨት በሦስት ጉልቻ ላይ በኪሎ 2 ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ከ100 እጅ 85ቱና ከዚያም በላይ የሚሆነው ወደ ጭስና ወደ ነፋስ ይሄዳል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 2.5 ሜጋ ጁል ያደርሳል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ከአራት ኪሎ ከሰል፣ ከ12 ኪሎ ደረቅ እንጨት፣ ወይም ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ይህን ያደረገ ሰው መብራት በሚኖርበት ሰዓት ቅቅሉን በኤሌክትሪክ ምድጃ መጨረስና ጋዙን መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ማቆየት ያዋጣ እንደሆነ ወዲያው ይረዳል።

እንጨት በሸክም የሚገዛ ሰው ስለ እርጥበትም ያስብ። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ሊሆን ይችላል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋ ጁል ሲሰጥ እርጥቡ የሚሰጠው 8 ያህል ነው፤ ገዢው በእንጨት ዋጋ ውሃ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው። ከከሰል በስተጀርባ ያለው እንጨት ደግሞ ለዓይን አይታይም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይነዳል። የዚህን ውጤት ወላይታ በሚገባ ታውቀዋለች። ከሶዶ በስተደቡብ በሁምቦ ተራሮች 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማኅበረሰቡና በወርልድ ቪዥን ትብብር ከቆረጣና ከግጦሽ ተከልሎ፣ በመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶና ሥር እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተደርጓል። ተራራው ተከለለ፤ የማጀቱ የእሳት ፍላጎት ግን አልተከለለም።

ሁለት የጥንቃቄ ነጥቦችን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ሞትን ያስከትላል። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ ያወጣል። ለሙቀት ተብሎ የጋዝ ምድጃ ማብራትም እንዲሁ ክልክል ነው። የሲሊንደር ጋዝ በበኩሉ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከተሰማ ክብሪትም ሆነ የመብራት ማብሪያ ሳይነካ፣ ቫልቩ ተዘግቶ በርና መስኮት ይከፈት። መገጣጠሚያው ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በእሳት አይደለም።

በመጨረሻ ከከብት በረት ስለሚገኘው ጋዝ እናንሣ። ባዮጋዝ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወደ አምቦ የእርሻ ኮሌጅ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነበር። የብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ ደግሞ «ስንዱ» የተባለው፣ ከመሬት በታች የሚገነባ ጉልላታማ ማብላያ የደቡቡን ክፍል ጨምሮ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ተሠርቷል። ታስረው የሚቀለቡ ሁለት ከብቶች በቀን 20 ኪሎ እበት ቢሰጡ፣ ይህም ከ20 ሊትር ውሃ ጋር ቢበጠበጥ፣ በቀን 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይገኛል። ይህም በወር ከ11 ኪሎ ግራም የሲሊንደር ጋዝ ጋር የሚመጣጠን ኃይል ነው። ስሌቱ ያጓጓል፤ ሆኖም አንድ ጀሪካን ውሃ በየቀኑ ከሩቅ መቅዳት ያለባት ሴት ከእንጨት ሸክም ወደ ውሃ ሸክም ተዛወረች እንጂ አላረፈችም። በአገሪቱ ከተሠሩት ማብላያዎች በርካቶቹ ሥራ ያቆሙትም በውሃና በእበት እጥረት፣ በጥገናም መጓደል ነው። የመሬት ይዞታ በጠበበበት በወላይታ ሁለት ከብት የሌለው ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ውሃ በቅርብ የሌለው ወይም አንዲት ላም ብቻ ያለችው ቤተሰብ ገንዘቡን በጉድጓዱ ላይ ከማዋሉ በፊት ደጋግሞ እንዲያስብ እንመክራለን።

ሁለቱን ላሟላ ቤተሰብ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በወላይታ እበት የእንሰቱ ቀለብ ነው፤ ማለዳ ከቤት ተጠርጎ የሚሄደው ወደ ጓሮ ነው። እበቱን ጉድጓድ ከዋጠው እንሰቱ ምን ይበላል የሚሉ አርሶ አደሮች አሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። መልሱ ከኬሚስትሪ ይገኛል። ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ሲሆን፣ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ዝቃጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ ከናይትሮጅኑ ብዙው በአሞኒያ መልክ ይተናል። ስለዚህ እርጥቡን እንዳለ ከእንሰቱ ግርጌ ቦይ አውጥቶ ማፍሰስና ወዲያው አፈር ማልበስ ይሻላል፤ ማብላያውም ሲቆፈር መውጫው ከእንሰቱ ጓሮ ከፍ ብሎ፣ ዝቃጩ ያለ ሸክም ቁልቁል እንዲወርድ ሆኖ ይቀየስ።